የአይጦቹ እናት

ለማከብርሽ ታላቅ እህቴ፣

እንደምን ከረምሽልኝ? እኛ ከናፍቆትሽ በቀር የጎደለብን የለም።

በሕክምና ትምህርት ቤቱ ተባባሪ ፕሮፌሰር ሆኜ በቋሚነት የመቀጠሬ ጉዳይ አሁንም ኮሚቴው ጋ ነው። ሁሉም «አይዞሽ፣ ያለቀ ነው» ይሉኛል። የክፍላችን ኃላፊ ግን ጨዋ ሆኖብኛል! ኮሪደር ላይ ሲያገኘኝ «የአይጦቹ እናት፣ ልጆችሽ እንዴት አደሩ?» ብሎ ካልቀለደብኝ የማያልፈው ሰውዬ፣ አሁን አንገቱን ደፍቶ የወለድኳቸውን ልጆች ደህንነት ይጠይቀኛል።

ትናንት ለምርምር የምንጠቀምባቸውን አይጦች የሚያረባልን ሰው ጋ ወረድኩ። ለከርሞ ጥናቴ የሚወለዱልኝ ከአሁኑ ወንድና ሴቱ ሲጣመሩ ነው። የባልደረቦቼን ሁሉ አጣምሯል፤ የእኔዎቹ ወንዱም ለብቻው፣ ሴቷም ለብቻዋ። «ምነው?» ብዬ ብጠይቀው፣ «ትንሽ ቆይ ተብዬ ነው» አለኝና የጸዳውን ሳጥን እንደገና ይጠርግ ጀመር። መኖ ተወዶ ይሆናል፤ ዘንድሮ ያልተወደደ ምን አለ?

ባለቤቴ ትምህርት ቤቱ የሰጠንን ቤት ሳሎን ቀለም እንቀባ ብሎ ነዘነዘኝ። ምን አስቸኮለን?

እግረ መንገዴን፣ እናታችን ቤት ጓሮ ያለችው ክፍል ተከራይ ገባባት እንዴ? እንዲያው ለወሬ ያህል ነው።

በይ ጤናሽን ያብዛልኝ፤ የክፍሏን ቁልፍ ግን ለማንም እንዳትሰጪ።

ታናሽሽ