የካሳዬ ልብና የዒዱ ቅቤ

ይድረስ ለልጄ ለኢሕሳን ይማም፤ ጅዳ።

አሰላሙ ዓለይኪ ወረሕመቱላሂ ወበረካቱህ። እንዴት ነሽ? ባልሽ ኢዘዲንስ? ነኢማዬ ጥርስ አወጣች? ሙቀቱ እንዴት አደረጋችሁ? እኔ አልሐምዱሊላህ አለሁ። ፊደሌ እንደ ተልባ ቢበተንም በሌላ ሰው አስጽፌ ምስጢሬን አላዘራም፤ ለቅመሽ አንብቢው።

ረመዳን ሳይገባ ደረቴን ቢወጋኝ ጎረቤታችን ካሳዬ ወልድያ ሐኪም ቤት አጀበኝ። «እስቲ የኔንም እዩልኝ» ብሎ ገባ። ሐኪሙ አዳምጦ «የጎረምሳ ልብ ነው» አይለው መሰለሽ! እኩያዬን! የኔን አዳምጦ ግን ኪኒን አዘዘልኝ። ካሳዬ እየጾመ በኑግ፣ በተልባ፣ በጎመንና በቲማቲም ያድራል። እኔ ቅቤ ያልነካው አልጎርስም፤ ታውቂኛለሽ።

ሐኪሙ «አባባ፣ ቅቤና ጮማ ሲበዛ ስቡ የደም ሥር ግድግዳ ውስጥ ገብቶ ይበላሻል። በሽታ የሚከላከሉት የደም ዘበኞች ሊያጸዱት መጥተው፣ ከልክ በላይ በልተው እዚያው ያብጣሉ፤ መንገዱም ይጠባል። የተልባ ቅባት ዘበኞቹን ያረጋጋል፤ የጎመኑና የቲማቲሙ ቀለም ስቡ እንዳይበላሽ ያግዛል» አለኝ። ይህስ ገባኝ። እናትሽ፣ አላህ ይዘንላትና፣ ቅቤ ስታነጥር እንዳይከረፋ ኮሰረት ትጨምር አልነበር? ነገር ግን ካሳዬ አጠገቤ እንደ አዋቂ ራሱን ሲነቀንቅ ጊዜ «ኪኒኑን እውጣለሁ፤ ተልባ የጿሚ ነው» ብዬ ወጣሁ። በባጃጅ እስከ መናኸሪያ አላናገርኩትም።

ከዚያ ወዲህ እኔ ድንጋይ ፈልጌ ስቀመጥ እሱ ዳገቱን እያፏጨ ሲያልፈኝ ያንገበግበኛል። አትቆጪኝና፣ ለዒድ ያስገዛሽልኝን ለጋ ቅቤ እንዳለ ላክሁለት። መንደርተኛው ደግነት መስሎት መረቀኝ። እኔ የሱም ልብ ትንሽ ትክበድ ብዬ ነው። ቅናት ዓይን ይጋርዳል፤ የኛ ጾም ስላበቃ የሰው ሁሉ ያበቃ መስሎኝ! ለካ እነሱ ሁዳዴ ላይ ናቸው።

በማግስቱ ካሳዬ በጆግ ተልባ ይዞ እየሳቀ መጣ። «አንተ ይማም፣ ቅቤህን ፋንቱ አናቷ ላይ ለጠፈችው፤ ሚስቴን አሳመርክልኝ። በል ይህን ጠጣ፤ አንተን ቀብሬ ከማን ጋር ልጣላ ነው?» አለኝ።

ጠጣሁት። አሁን በየማለዳው ያመጣልኛል። ጣፈጠኝ አላልኩትም፤ አንቺም ስትደውይ እንዳትነግሪው። ነኢማን ሳላቅፍ መሞት አልፈልግም። ሐኪሙ ከፋሲካ በኋላ ቀጥሮኛል፤ ያኔ የኔን ልብ ሲያመሰግን ካሳዬ ቆሞ ይሰማል፣ ኢንሻአላህ። ከእንግዲህ ቅቤ አታስገዢልኝ።

ኢዘዲንን ሰላም በይልኝ፤ የነኢማን ግንባር ሳሚልኝ። ወንድምሽ ጀብሪልና ሚስቱ አሚና ናፍቀውሻል። ፋንቱም ከነቅቤዋ ሰላም ብላሻለች። ካሳዬም ሰላም ብሎሻል፤ መጨረሻ ላይ የጻፍኩት አውቄ ነው።

አባትሽ ይማም
ግራና፣ መጋቢት 28 ቀን 2017 ዓ.ም.