የወርቄ ቀለበት፣ መደርደሪያ አምስት

ሰኞ፣ ኅዳር 5 ቀን 1981

ጫማ አውልቅ አሉኝ። ሃያ ሦስት ዓመት የዚህን የአምቦ መንገድ ሥራ ጋራዥ ግምጃ ቤት ስይዝ ጫማ ተወልቆ የሚገባበት ክፍል አላየሁም። ኮምፒውተር አቧራ አይወድም አለች፣ ከአዲስ አበባ ልትተክለው የመጣችው ወይዘሪት ሰናይት። "ጋሼ ረጋሳ፣ በሩ ላይ ያኑሩት፣ ማንም አይወስደውም።" እምቢ አልኩ። ከደጅ ቆሜ አየሁ።

ምክንያቱን ለዚህ ደብተር ብቻ። የግራ ካልሲዬ አውራ ጣቱ ላይ ተቀዷል። ሚስቴ ወርቄ ካረፈች ሦስት ዓመቷ፣ የሚሰፋልኝም የሚቆጣኝም የለም።

ነገሩ ጥቁር መስኮት ነው። ከውስጡ አረንጓዴ ፊደል ብቅ ይላል፣ በነሐሴ ጥቁር አፈር ላይ ብቅ እንደሚል ጤፍ። ድምፁ የንብ ቀፎ። ትንሽ ብቆም እንቅልፍ ይወስደኝ ነበር።

ሥራ አስኪያጁ ጓድ ታደሰ ሰበሰበን። መለዋወጫ ሁሉ ወደ ማሽኑ ይገባል። ከዛሬ ጀምሮ ዕቃ በቁጥሩ ብቻ ይጠየቃል። ካርዶቹ እስከ ቅዳሜ ተገልብጠው ያልቃሉ፣ ሰኞ ኅዳር ሲታጠን ከቆሻሻው ጋር ይቃጠላሉ።

"ምን አደረጉ ካርዶቹ?" አልኩ።

"ኦቦ ረጋሳ፣ ሌላ ጋራዥ ካርዱን ሳያጠፉ አቆዩት፤ ማሽኑ ጨርቅ ለብሶ ቀረ። ሁለት መዝገብ ካለ ሰው የለመደውን ነው የሚያነሳው።"

ልክ ነው። እኔም የለመድኩትን ነው የማነሳው። 

ማክሰኞ፣ ኅዳር 6

የካርዶቹን ነገር ልጻፈው። በየመደርደሪያው ካርድ በክር ይንጠለጠላል፤ የዕቃው ስም፣ ስንት ገባ፣ ስንት ወጣ። አሮጌዎቹ ስድስት መሳቢያ ሞልተዋል። አብዛኞቹን የጻፍኩት እኔ አይደለሁም። ወርቄ ናት። ስድስተኛ ክፍል የደረሰች ሴት ነበረች። እኔ ስሜን ብቻ ነበር የምፈርመው፤ ዕቃውን ግን ዓይኔን ጨፍኜ በእጄ አውቀዋለሁ። ካርዱን በዘንቢል ወደ ቤት እወስዳለሁ፣ እነግራታለሁ፣ ትጽፋለች፣ ጠዋት እሰቅላለሁ። "የኦቦ ረጋሳ ጽሕፈት ማተሚያ ነው" ይሉ ነበር። ዝም አልኩ። በመሠረተ ትምህርት ፊደል ቆጥሬ የምስክር ወረቀት ከተቀበልኩ በኋላም ዝም አልኩ። እሷ ካረፈች ወዲህ ያሉት ካርዶች የኔ ናቸው። የዶሮ ጭረት።

ዛሬ ሰናይት ሁለት ካርድ ጎን ለጎን ያዘች።

"ይህን ማን ጻፈው ጋሼ? እንዴት ያምራል!"

"እኔ።"

"ይኼንንስ?"

"እኔ። እጄን አሞኝ ነበር።"

አየችኝ። እኔ መደርደሪያውን አየሁ። ከዚያ ሌላ ካርድ አወጣች። "የሰው የጣት ቀለበት እዚህ አስቀምጠዋል እንዴ? 'የወርቄ ቀለበት' ይላል። የሰው ንብረት ስለሆነ ማሽኑ ውስጥ ሳላስገባ ወደ ጎን አድርጌዋለሁ።"

"ተይው" አልኳት።

የጣት ቀለበት አይደለም። መንገድ የሚደለድለው የግሬደር መኪና ዘይት እንዳይፈስ የሚገታ የላስቲክ ቀለበት ነው። መጀመሪያ የመጣ ጊዜ አንዱን ቤት ወስጄ አሳየኋት። በጣቷ አጥልቃ፣ "ከሠርጌ ቀለበት ይኼ ይሻላል፣ አይጠፋም" ብላ ሳቀች። በዚያው ስም ጻፈችው። መካኒኮቹም በዚያው ስም ለመዱት። ይህን ለሰናይት መንገር ነበረብኝ። ኮራሁ።

ረቡዕ፣ ኅዳር 7

ጀማል ከጌዶ ስልክ ደወለ። ጀማል ዋና መካኒካችን ነው። ግሬደሩ ጠባቡ መንገድ ላይ ዘይት አፍስሶ ቆሟል፣ የጭነት መኪና በሁለቱም በኩል ተሰልፏል። በአዲሱ ደንብ መሠረት የዕቃውን ቁጥር አንድ በአንድ አነበበ። ሰናይት ቁጥሩን መታች። ማሽኑ ዜሮ አለ።

"የለም" አለች በስልክ። "ከአዲስ አበባ ይታዘዛል።"

የትኛው ዕቃ እንደሆነ ጀማል የነገራትን ጉዳት ስትደግመው ገብቶኛል። መደርደሪያ አምስት፣ ከላይ ሁለተኛው። አራት አሉ። በር ላይ ጫማዬን አድርጌ ቆሜያለሁ። እስቲ ማሽኑ ያግኘው አልኩ በልቤ።

አራቱን እዚያው ትቼ ቤት ገባሁ።

ሐሙስ፣ ኅዳር 8

ጀማል ግሬደሩ ውስጥ አደረ። የጌዶ ብርድ በዚህ ወር አጥንት ይገባል።

ከምሳ በኋላ ግምጃ ቤት ጆንያ ላይ ጋደም አልኩ። መደርደሪያዎቹ ቅጠል አወጡ። ጉም በመሀላቸው ይሄዳል፣ ከታች የአምቦ ውሃ ፍል ፍል ይላል። ወርቄ በባዶ እግሯ እየዞረች ካርድ ታነባለች። አንዱ ጋ ደረሰችና ባዶ ክሩን አየች። አልተቆጣችም። ጣቷን ብቻ አሳየችኝ።

ነቃሁ። ቀለበቱን አወረድኩ። ወደ ጌዶ ለሚሄደው ሾፌር ያለ መጠየቂያ ወረቀት፣ ያለ ፊርማ ሰጠሁት። ሃያ ሦስት ዓመት እንዲህ አድርጌ አላውቅም። "ለጀማል የወርቄ ቀለበት ነው በለው" አልኩ።

ቅዳሜ፣ ኅዳር 10

ትናንት አልጻፍኩም፤ ስብሰባ ነበር።

ጀማል ጢሙን ሳይላጭ መጣ። "አካም ቡልተን፣ እንዴት አደሩ ኦቦ ረጋሳ! ማሽኑ የለም ያለውን ከየት አመጡት? ጥንቆላ ጀመሩ?"

"አንተ ቁጥር ማንበብ ጀምረህ የለ እንዴ!"

"ምን ላድርግ፣ በስሙ ብትጠራው ትቀጣለህ አሉኝ። አንድ ሌሊት በብርድ ተቀጣሁ።" ሳቀ። እኔ አልሳቅሁም።

ሰናይት ግን ዓይኗ ቀልቷል። ማሽኑ የሌለውን ዕቃ ወጣ ብሎ መጻፍ አይችልም። ማክሰኞ ከዋናው መሥሪያ ቤት ደውለው ይፈትኗታል። "ጋሼ፣ ይኼ አንድ ካልተገኘ ሌላው ስንቱ ጠፍቷል? ፕሮግራሙ ልክ ነው፣ እኔ ነኝ ዕቃዎን የማላውቀው።"

 ወንበር ስቤ በሩ ላይ ተቀመጥኩ፣ እግሬን ከደጅ ዘርግቼ።

ቀኑን ሙሉ የዕቃዎቹን የልማድ ስም ነገርኳት። የፍየል ጆሮ የቱ ነው፣ ጠማማው ምላስ የቱ ነው። ዕቃውን ከመደርደሪያ እያመጣሁ ቁጥሩን ከላዩ ታነባለች፣ ትመታለች። መካኒኮቹ ዕቃውን ለሚጠሩበት ስም የሚሆን አንድ ቦታ ፕሮግራሙ ላይ ጨመረች። ማሽኑ አማርኛ አይጽፍም፣ ስሙን በእንግሊዝ ፊደል ጻፈችው። ወደ አሥራ አንድ ሰዓት ጨረስን። ድል ነው። ግን አሁን ካርዶቹን የሚፈልጋቸው የለም ማለት ነው። በካርቶን ታሸጉ።

እሑድ፣ ኅዳር 11

ሁሉቃ ወንዝ ዳር ተቀመጥኩ። ውሃው የመሳቢያ ድምፅ አለው፣ ይከፈታል ይዘጋል።

እወስዳቸዋለሁ ብል፣ ለምን ይሉኛል። የ"ለምን" መልሱ የሚያዋርደኝ ነው። ዝም ብል ይቃጠላሉ። የወርቄ ፎቶግራፍ አንድ አለኝ፣ እሱም ደብዝዟል። እጇ ግን በየካርዱ ላይ አለ። "ሀ"ዋን ስትጀምር ትንሽ ትጫናለች።

ካልሲውን ሰፋሁት። ጣቴን ሁለቴ ወጋሁ።

ሰኞ፣ ኅዳር 12

ከተማው ሁሉ ጢስ። ፀሐይዋ በጢሱ ውስጥ የብርቱካን ልጣጭ መሰለች። ሰው ጥላ ይመስላል። ጋራዡ ግቢ ውስጥ አሮጌ ጨርቅ፣ ቅጠል፣ የተቀደደ ጆንያ ተከምሮ ይነዳል። ጀማል ካርቶኖቹን ተሸክሞ መጣ። አንዱን አነሳ፣ ሊወረውር።

"ተው!" አልኩ። ድምፄን እኔ ራሴ አላወቅሁትም። ሁሉም ዞሩ።

ጓድ ታደሰ፣ "ምን ሆኑ ኦቦ ረጋሳ?" አለ።

"እኔ አይደለሁም የጻፍኳቸው። ሚስቴ ናት። እኔ መጻፍ አልችልም ነበር። ሃያ ዓመት ዋሽቻችኋለሁ።"

 ጀማል ካርቶኑን ቀስ ብሎ መሬት አስቀመጠ። ሰናይት ጢሱ ነው ብላ ዓይኗን ጠረገች።

ጓድ ታደሰ ካርቶኖቹን አየ። ከዚያ በመሥሪያ ቤት ድምፁ፣ "የድርጅቱ ሠራተኛ ነበረች?" አለ።

"አልነበረችም።"

"እንግዲያው የድርጅቱ ሰነድ አይደለም። እንዲቃጠል ያዘዝኩት የድርጅቱ ሰነድ ነው። የሰው ዕቃ ከግቢዬ ያውጡልኝ።" ፊቱን አዞረ።

የኔዎቹን፣ የዶሮ ጭረቶቹን፣ በእጄ እሳቱ ውስጥ ጨመርኳቸው። ቶሎ ነደዱ። የወርቄን ጀማል እስከ ቤቴ ተሸከመልኝ። መንገድ ላይ፣ "እኛ እኮ እጅዎን አይተን እንጠራጠር ነበር" አለ። "እንዲህ ያለ ወፍራም ጣት እንዲያ ያለ ቀጭን 'ሐ' አይወጣውም።" ልሰድበው ነበር። ሳቅ ቀደመኝ።

ማክሰኞ፣ ኅዳር 13

ጫማዬን አወለቅሁ። ሰናይት ካልሲዬን አየች። ወለሉ ቀዝቃዛ ነው፣ የወንዝ ድንጋይ።

ከአዲስ አበባ ደወሉ፣ ቁጥር ሰጡ። "እርስዎ ይምቱት" አለች። አንድ ቁልፍ ስፈልግ ሌላው ይደበቀኛል። ብዙ ጊዜ ወሰደብኝ። ከዚያ አረንጓዴው ጤፍ በቀለ። መደርደሪያ አምስት፣ ሦስት ቀርቷል።

"ከቁጥሩ ጎን ያለው ምንድን ነው?" አልኩ።

"የወርቄ ቀለበት" ብላ በጣቷ አነበበችልኝ።

የማላነበው ፊደል ነው። እንደገና ማንበብና መጻፍ የማላውቅ ሆንኩ። ዛሬ ግን አላፈርኩም፣ ቆሜ አየሁት።

ሰናይት ነገ ትሄዳለች። በየቀኑ ከሥራ በኋላ የሥራውን ቅጂ በዲስኬት እንዳስቀር አስተማረችኝ፤ ዲስኬቱ ከማሽኑ ርቆ ይቀመጥ አለች። ባዶው የካርድ መሳቢያ ውስጥ አስቀመጥኩት። መብራት በዚህ ከተማ እንደፈለገው ይሄዳል ይመጣል፤ ማሽኑ ቢረሳስ? አላውቅም። የሚረሳ ከሆነ ግን ቤቴ፣ አልጋዬ ስር፣ የማይረሳ አለ።