ሰማያዊው ፌስታል

ማክሰኞ፣ ኅዳር 9 ቀን፣ ከሥራ መልስ

ለምወድሽ ልጄ፣

እንደምን ከርመሻል? እኔ ወገቤን ከሚይዘኝ በቀር ደህና ነኝ። ሚጢጢዋ ልጅሽም አሁን ደህና ናት። የሥራ ውልሽን አንድ ዓመት ብታራዝሚ ልጅቷን እችላት እንደሆን ጠይቀሽኛል። መልሱን ከመስጠቴ በፊት የደበቅኩሽን ልንገርሽ።

ባለፈው በስልክ «ጉንፋን ይዟት ነው» ያልኩሽ ውሸት ነው። ተቅማጥና ትውከት አጣድፏት አራት ቀን ሆስፒታል ተኝታ ነበር። ድምፅሽን ስሰማ ፈራሁና በዚህ ዕድሜዬ ዋሸሁሽ። ጥፋቱ ደግሞ የኔ ነው።

ሥራዬን ታውቂዋለሽ። ፋብሪካው ኩሽና ውስጥ ሦስት ገንዳ ፊት ቆሜ እውላለሁ። በመጀመሪያው አፈሩን አስለቅቃለሁ፣ በሁለተኛው ኮምጣጤ ባለበት ውሃ እዘፈዝፋለሁ፣ በሦስተኛው አለቀልቃለሁ። ሰላጣውን ቅጠል በቅጠል፣ ካሮቱን አንድ በአንድ። ዋናው ሼፍ «ሽማግሌው፣ ቆዳውን ልትገፍፈው ነው እንዴ?» እያለ ይቀልድብኛል። ሲተርፍ ግን በሰማያዊ ፌስታል ቋጥሮ ይሰጠኛል። ልጅሽ ያንን ፌስታል ካየች በቃ፣ የታጠበ ነው ብላ በር ላይ ተቀብላኝ እዚያው ትገምጣለች። ያስለመድኳት እኔው ነኝ። ቀኑን ሙሉ ሳጥብ ውዬ ቤት ገብቼ ደግሞ ማጠብ ሞት ሆኖብኝ ነበር። ሸክላ ሠሪ በገል ትበላለች ይባል የለ?

የዚያን ቀን የተረፈ አልነበረም። ባዶ እጄን አልገባም ብዬ ከመንገድ ዳር ካሮት ገዛሁ። ሻጯ መያዣ ስላልነበራት ኪሴ ውስጥ ባገኘሁት በዚያው በሰማያዊው ፌስታል ከተትኩት። ቤት ስደርስ ጫማዬን ላውልቅና አጥበዋለሁ ብዬ ወንበር ላይ ዐረፍ አልኩ፤ እንቅልፍ ይዞኝ ሄደ። ስነቃ የቀረው የካሮቱ ጭራ ብቻ ነው። ጉንጯ ላይ አፈር ነበረ። አፏን ጠረግኩላትና ምንም አይላትም ብዬ ዝም አልኩ።

ሐኪሟ ምን እንደበላች ስትጠይቀኝ እውነቱን ነገርኳት። ሥራዎስ ምንድን ነው አለችኝ። እሱንም አፍሬ ነገርኳት። የተሸበሸቡ ጣቶቼን አየች።

ልጅሽ አሁን ትሮጣለች፣ ሲያሻትም ትሳደባለች። ትናንት ከሥራ ያመጣሁትን፣ ሦስቴ የታጠበ ፖም ሰጠኋት። እጆቿን ወደኋላ ደበቀች።

«አባባ፣ እኔ እያየሁ እጠበው» አለችኝ።

ወንበር አስጠግቼ አቆምኳትና እያየችኝ አጠብኩት። ድገመው አለችኝ፤ ደገምኩት። ከዚያ በኋላ ነው የተቀበለችኝ። እሷ ስትገምጥ እኔ ዞር ብዬ አለቀስኩ።

አክስቷ ጋ ትሁን ብትዪም አልቀየምሽም። ግን እናቷ እያለሽ ለምን? እወዳታለሁ ልጄ፣ ከዓይኔ ብሌን አብልጬ እወዳታለሁ። መቻሉን ግን አልቻልኩም። ደክሞኛል። ውሉን አታራዝሚው፣ ነይ።

የድካምሽን ዋጋ አያስቀርብሽ። መንገድሽን ያቅናልሽ፣ ደጃፌ ላይ በሰላም ያቁምሽ።

የዋሸሽ አባትሽ