የአምበሉ ቃሬዛ

መካኒሳ፣ አዲስ አበባ
ግንቦት ፲፪ ቀን ፲፱፻፶፯ ዓ.ም.

ይድረስ ለባለቤቴ ለሮበሌ ዲንሳ፤ ካምፓላ፣ ሆስፒታል

ሮበሌ ሆዴ፣ እንደምን ከረምክ ብዬ ልጀምር አልኩና አፈርኩ፤ እንዴት እንደከረምክማ ሰማሁ። እኛ ደህና ነን። ላሟም ወልዳለች።

የካምፓላው ኳስ ጨዋታ ዕለት ሰፈሩ ሁሉ አብዶ ሱቅ ደጃፍ ራዲዮውን ከቦ ነበር። ሁለት ለባዶ ስትመሩ አባትህ በደስታ ባርኔጣቸውን ወረወሩ። ኋላ ሦስት ሲገባባችሁ ባርኔጣቸውን ከመሬት ለቀሙ። ይባስ ብሎ የራዲዮው ሰውዬ «አምበላችን በቃሬዛ ወጣ» አይልም? እኛ ቃሬዛ የምናውቀው ለሬሳ ነው። ጎረቤታችን አማከለች እሪ አለች፤ እናትህ ወደቁ፤ ድንኳን ተተከለ። እኔም ፊቴን ነጨሁ። በማግስቱ ከፌዴሬሽኑ የመጣው ሰው ለቅሶ ላይ ደረሰና «ኧረ እግሩን ተጎድቶ ነው!» ቢለን፣ እንዴት እንደሳቅን! አማከለች «እንባዬን ማን ይመልስልኛል?» እያለች ድንኳኑን አፈረሰች።

ሳቁ አልቆየም። ቡድኑ ሲመለስ ሐኪማችሁ ሙሄ እኛ ቤት ድረስ መጣ። «ቁስሉ ሸቷል፣ ወደ ላይም እየወጣ ነው፣ እግሩ ካልተቆረጠ አይተርፍም» አለኝ። አንተ ግን «እግር የሌለው አምበል የት አለ?» ብለህ እምቢ ብለሃል።

ምን ላድርግህ ሮበሌ? አጠገብህ ብሆን ተደፍቼ እለምንህ ነበር። አሁን ያለችኝ ይህች ወረቀት ናት፤ እሷም መቼ እንደምትደርስህ አላውቅም። አምና ዋንጫውን ስታመጣ ከሰፈራችን ድልድይ ጀምሮ በትከሻቸው የተሸከሙህ ሰዎች፣ ዛሬ «ያስበላን እሱ ነው» ይላሉ። ለነዚህ ብለህ ነው የምትሞተው? እኔ ያገባሁት ሮበሌን እንጂ አምበሉን አይደለም። አስቆርጠው። ፈርቻለሁ፤ እንቅልፍም የለኝ።

አባትህ አንድ ቃል እንዲልኩልህ ብለምናቸው «ሙሉ አድርጌ የወለድኩትን ልጅ ጎዶሎ ሁን አልለውም!» ብለው ተቆጡ። ከዚያ ወዲህ አኩርፈውኛል። ትናንት ጓሮ ብወጣ ግን ወይራ ቆርጠው ምርኩዝ ሲጠርቡ አገኘኋቸው። ቀና ሳይሉ መጥረባቸውን ቀጠሉ። ምርኩዙ ለሳቸው ቁመት ይረዝማል።

ሀና ማርያም ከራስጌህ አትለይ፤ ለሐኪሞቹ እሺ የምትልበትን አንደበት ትስጥህ።

ባለቤትህ
ውዳሴ ከበበው