ሙሉ ነጥብ ያመጣችው ልጅሽ

ልጄ፣ በሰው አገር እጅሽ የነካው ይባረክልሽ፤ ያየሽ ሁሉ ይውደድሽ። እኛ ደህና ነን። የጉልበቴን ነገር ተዪው፣ ለምዶብኛል። የኩሽናው ቧንቧም ዛሬም ያንጠባጥባል።

ልጅሽን ትምህርት ቤት "ራስን የመምራት ችሎታ" የሚባል ነገር ለክተዋት ሙሉ ነጥብ አመጣች። መጠይቁ ላይ "ሲከፋኝ ራሴን አረጋጋለሁ" ለሚለው "ሁልጊዜ" ብላ መልሳለች። አስተማሪዋ "እንዴት አድርገው ቢያሳድጓት ነው?" አለችኝ። አንቺ ስትደውዪ የምትስቅልሽ እኮ ተደብቃ ያለቀሰችበትን ፊቷን ታጥባ ነው! ብናገር ነጥቧን ላስቀንስባት ነው፤ ዝም ብል ልጅቷ በቁሟ ልትታፈንብኝ ነው። መውጫው ጠፋኝ።

ትናንት የመኝታ ቤቱ በር ጣቷን ጨፈለቀው። ከንፈሯን ነክሳ ቀጥ ብላ ቆመች።

"አልቅሺ እንጂ፣ የኔ እናት!" አልኳት።

"እምዬ፣ በሚቀጥለው ወር ድጋሚ ይለኩናል እኮ" አለችኝ።

ፈጣሪ ጤናሽን ይጠብቅልኝ፤ ዓይንሽን ሳላይ አይውሰደኝ። አንድ ነገር ብቻ ልለምንሽ፦ ስትደውዪ "ጎበዝ ልጅ" አትበያት። አንቺ ቀድመሽ አልቅሺ፤ እኛ እንከተልሻለን።

እናትሽ