የአሮጌው መጋዘን እድፍ

ጥቅምት 3፣ 1986
ክትባቱን ዛሬም ማንጎው ሥር ሰጠን። ፀሐዩ አይጣል። ክሊኒኩ ባዶ... የድሮ የወደብ መጋዘን ነው፣ ባሮ ዳር። ወለሉ ጠፍጣፋ ድንጋይ፣ ቀዝቃዛ፣ ለሕፃናት የሚመች። እናቶቹ ግን ከደጃፉ አያልፉም። ወለሉ መሀል የመኪና ጎማ የሚያህል ጥቁር እድፍ አለ። ደም ነው፣ አይረገጥም ይላሉ። የማን?

ጥቅምት 5
በሎሚ አሸሁት። ድንጋዩ አረፋ አወጣ፣ ነጣ፣ ሻከረ። እድፉ እንዳለ ነው። ሎሚ ድንጋይ ይበላል እንዴ? ዘበኛችን ጋሽ ኦጁሉ በር ላይ ቆሞ ሲያየኝ ነበር።

ጥቅምት 6
ጋሽ ኦጁሉ ዛሬ ተናገረ።
«ሲስተር፣ እሱ የአባቴ ደም ነው።»
የሱዳን መርከብ በሚመጣበት ዘመን፣ እሱ ልጅ ሳለ። አባቱ ወዛደር ነበር። በርሜል ወደቀበት... እዚሁ። እኔ ደግሞ በሎሚ! አፈርኩ።
«ልተወው?» አልኩት።
እድፉ አጠገብ ቁጢጥ አለ። «እኔ አላየሁም። ሰው ነው የነገረኝ። ደም መሆኑን አንቺ ታውቂያለሽ?»
አላውቅም።

ጥቅምት 8
ባለሱቁን አብዱልከሪምን ጠየቅሁት። የእሱም ወለል ድንጋይ ነው።
«ዘይት ከሆነ ይወጣል። ጠመኔ ፈጭተሽ በቤንዚን ለውሺና ለጥፊበት፣ በላስቲክ ሸፍኚው። ጠመኔው ይመጠዋል።»
ደም ከሆነስ? «እሱን እናንተ ሐኪሞቹ ታውቃላችሁ» ብሎ ሳቀ።
ለጋሽ ኦጁሉ ነገርኩት። «ጠርዙን ብቻ» አለ። መዳፍ በምታህል ቦታ ላይ ለጠፍን። ጠመኔውን የፈጨው እሱ ነው።

ጥቅምት 9
ገና እርጥብ። ክፍሉ ቤንዚን ቤንዚን ይሸታል። ላስቲኩን አነሳን፣ መስኮቶቹን ከፈትን።

ጥቅምት 10
ደረቀ። ነጩ ጠመኔ ቡናማ ሆኗል፤ ከሥሩ ያለው ድንጋይ ፈካ ብሏል። ጋሽ ኦጁሉ ቆንጠር አድርጎ አሸተተ። እንደገና አሸተተ።
«የሞተር ዘይት።»
ለካ በርሜሉ ውስጥ የነበረው...
«ደሙስ?» አልኩ። ባልጠይቀው ይሻል ነበር?
«ደሙን እናቴ አጥባው ይሆናል። ዘይት በውሃ አይለቅም።»
ወጥቶ ወንዙ ዳር ተቀመጠ። አልተከተልኩትም።

ጥቅምት 17
የቀረውን አላወጣሁትም። ጋሽ ኦጁሉ አልፈቀደም፣ እኔም አልለመንኩትም። ጠዋት እናቶቹ ደጃፉ ላይ ሲሰበሰቡ እድፉ ላይ ወጥቶ ቆመና በአኙዋክኛ አናገራቸው። ብዙም አልተናገረም። ሲጨርስ አንዷ ገባች፣ ከዚያ ሌላዋ።
አሥራ አንድ ሕፃናት ከተብን፤ ሁሉንም እቤት ውስጥ።
የመጨረሻዋን እናት ምን እንዳላቸው ጠየቅኋት።
«አባቴ ኦጅዋክ እዚህ ይሠራ ነበር፣ ግቡ... አለን።»