የአለምነሽ አባት ምስጋና

ረቡዕ፣ ኅዳር 11 ቀን 2006 ዓ.ም.፣ አዲስ ቅዳም ከተማ

ዛሬ ያደረግሁት ነገር ያስፈራኛል። አለምነሽ ሦስተኛ ክፍል ደርሳ ፊደል አትለይም። ክፍሉ አብሮ ሲያነብ ድምፅዋ ከሁሉም ይጎላል፤ ብቻዋን ሳስነብባት ግን ዝም ትላለች። ገና የልምምድ መምህርት ነኝና ማንንም ሳላማክር ቤቷ ሄድኩ። ወላጆቿ ማታ ማታ እንዲያስጠኗት ልለምን ነበር።

አባቷ ከሰል በጆንያ እየሞሉ ሰሙኝ።

«እና ይኸው ሦስተኛ ዓመቷ፣ ምንም አልያዘችም?»

«ካገዝናት ትይዛለች፣ ጋሼ።»

«እኛማ ትማራለች ብለን ነበር ከሥራ የለቀቅናት። እውነቱን ስለነገርሽን እግዜር ይስጥልሽ።»

ለሚስታቸው በአዊኛ አንድ ነገር አሉ። አልገባኝም። እናቷ ግን አዩኝና አቀረቀሩ። ልጅቱን ላግዝ ሄጄ ከትምህርት ቤት ማስቀሪያ ምክንያት ሰጠኋቸው።

አለምነሽ እስከ አጥሩ በር ሸኘችኝ።

«ቲቸር፣ ነገም ብቻዬን ያስነብቡኛል?»

«ነገ ነይ ብቻ፤ አብረን እናነባለን» አልኳት፣ አባቷ እንዲሰሙ ጮክ ብዬ።

ዞሬ አየኋቸው። የጆንያውን አፍ እየሰፉ ነበር። ዓይናቸውን ከመርፌው አላነሱም።